ቡፌ ላይ የሚቆም ተዋጊ ጄት፦ የዳይካስት ሞዴል ምርጫ፣ ግዢና አያያዝ

ዳይካስት የሚባለው ሞዴል የቀለጠ የዚንክ ቅይጥ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተሞልቶ የሚሠራ ነው። ፋብሪካው ራሱ ቀብቶት፣ አርማውንና ቁጥሩን አትሞበት፣ ገጣጥሞ ይሸጠዋል። ከፕላስቲክ ኪት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኪት የሚሠራ ሰው ሙጫና ብሩሽ ይዞ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ የዳይካስት ሰብሳቢ ሥራ ግን በአብዛኛው የሚያልቀው ገና ከመግዛቱ በፊት ነው። ከዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ስለ መመልከት የሆነውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው ይያዝልኝ። ደህና ሞዴል የአንድ የተወሰነ አውሮፕላን፣ በአንድ የተወሰነ ወቅት የነበረው መልክ ነው። የጅራት ቁጥር አለው፣ ስኳድሮን (የሚመደብበት የአውሮፕላን ጓድ) አለው፣ አንዳንዴም የአብራሪው ስም ከኮክፒቱ ሥር ተጽፎበታል። ይህን እያነበበ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን አያባክንም። የካርቶኑን ሥዕል አይቶ የሚገዛ ግን ውሎ አድሮ እርስ በርስ የማይገናኙ አሥር አውሮፕላኖች ይዞ ይቀራል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛ ደረጃ፦ የምትከተሉትን ታሪክ ምረጡ

ያማረንን ሁሉ እንግዛ ከተባለ ኪስም ቤትም አይችለውም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ታሪክ ያዙ።

ለእኛ የሚቀርበው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ነው። በ1960 ኤፍ-86 ሴበር ደብረ ዘይት ገባ። በ1966 ኤፍ-5ኤ ተከተለ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኤፍ-5ኢ መጣ። ከ1977 ጀምሮ ፊታችን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር ሚግ-21 እና ሚግ-23 ገቡ፤ በ1998 ደግሞ ሱ-27። አምስት ስድስት ሞዴል ተደርድሮ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ይናገራል፤ ወዳጅ ማን እንደነበረና መቼ እንደተለወጠ ሳይቀር ያሳያል። ከእነዚህ ውስጥ በኤፍ-5ኢ እና በሚግ-21 ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ የተፋለሙት እነሱ ናቸው። ያኔ ሚጉ የሶማሊያ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያም ሆነ።

ችግሩ የኢትዮጵያን ቀለም የለበሰ ዳይካስት እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የሌላ አገር ኤፍ-5ኢ ገዝቶ፣ ዓይነቱ ይበቃኛል ብሎ መቀበል ነው። ሁለተኛው የአየር ኃይላችንን ክብ አርማ በውኃ በሚላቀቅ የዲካል ወረቀት አሳትሞ መለጠፍ ነው። ሁለተኛውን የምትመርጡ ከሆነ ካርቶኑ በጠፋ ርካሽ ሞዴል ላይ አድርጉት። ዲካሉ በደንብ እንዲቀመጥ መጀመሪያ ቦታው ላይ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ዲካሉ ተለጥፎ ሲደርቅ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይደረብበታል። ያልተነካ ሞዴል ላይ ከሞከራችሁት ግን በገበያው ያለውን ዋጋ ወዲያው ይጥለዋል።

ሌላ ታሪክም ሞልቷል። ኤፍ-14 ብቻ የሚሰበስቡ አሉ፤ አሜሪካ በ2006 ከአገልግሎት ያወጣችው፣ ከእሷ ሌላ የታጠቀችውም ኢራን ብቻ የሆነች አውሮፕላን ስለሆነ ወሰኑ የታወቀ ነው። አንድ ጦርነት ብቻ የሚከተሉም አሉ። የምትኖሩት ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል እውነተኞቹን አቁሞ ያሳያል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከቤርሼባ ወጣ ብሎ ሐጸሪም ላይ የአየር ኃይሉ ሙዚየም አለላችሁ። እውነተኛውን ዞሮ ያየ ሰው ሞዴል ሲመርጥ ዓይኑ ሌላ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ስኬሉን ወስኑ፣ ከዚያም አትቀይሩ

ለተዋጊ ጄት ዋናው ስኬል 1/72 ነው። መነሻው የእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል። የእውነተኛውን ርዝመት ለ72 አካፍሉ፤ መደርደሪያችሁ ላይ የሚይዘውን ቦታ ታገኛላችሁ። ኤፍ-86 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ኤፍ-5ኢ 20፣ ኤፍ-16 21፣ ኤፍ-14 26 ከግማሽ። ሱ-27 ግን 30 ያልፋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ የቡፌ መደርደሪያ ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል፤ ሱ-27ን በአግድም ካላቆማችሁት በሩ አይዘጋም። ከመግዛታችሁ በፊት በሜትር ለኩ።

1/48 ግዙፍና ከባድ ነው፤ ዝርዝሩ ደስ ይላል፣ ሦስት ከገባ ግን ቦታው አለቀ። 1/100 እና 1/144 በጋዜጣ መሸጫ ከመጽሔት ጋር ይታደሉ የነበሩት ዓይነት ናቸው፤ ርካሽ ናቸው፣ ዝርዝራቸውም እንደ ዋጋቸው ነው። 1/200 ለመንገደኛ አውሮፕላን ይሁን። ስኬል መቀላቀል ግን አይመከርም። 1/100 ሱ-27 ከ1/72 ኤፍ-5 ጎን ሲቆም እኩያ ይመስላሉ፤ እውነተኛው ሱ-27 ግን ከኤፍ-5ኢ በ7 ሜትር ይረዝማል። የመጠን እውነት ከጠፋ መደርደሩ ትርጉም የለውም።

3ኛ ደረጃ፦ አምራቾቹንና የኮድ ቁጥራቸውን እወቁ

በ1/72 ጄት ዛሬ ብዙ ምርጫ ያለው ሆቢ ማስተር ነው። የእያንዳንዱ ሞዴል ኮድ በ«ኤችኤ» ይጀምራል፤ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቁጥሮች የአውሮፕላኑን ዓይነት ይነግራሉ። 19 ኤፍ-4 ነው፣ 38 ኤፍ-16፣ 45 ኤፍ-15፣ 52 ኤፍ-14። ስሙን ብቻ ከመፈለግ ኮዱን ይዞ መፈለግ በጣም ያፋጥናል። ሻጩ የጻፈው መግለጫ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ ኮዱ እውነቱን ይናገራል።

ኮርጂ እንግሊዛዊ ስም ነው፤ በ1956 በመኪና ሞዴል ተጀመረ፣ ዛሬ በሆርንቢ ሥር ነው። የእንግሊዝን ጄቶች ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እዚያ እዩ። የጃፓኑ ሴንቸሪ ዊንግስ ኤፍ-14ን በጥራት በመሥራት ስም ያወጣ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው በሁለተኛ እጅ ይገኛል፣ ዋጋውም ቆንጠጥ ያደርጋል። ካሊበር ዊንግስና ጄሲ ዊንግስም መታየት አለባቸው። የፍራንክሊን ሚንት 1/48ዎች ክብደታቸውና መጠናቸው ያስደስታል፤ ቅርጻቸው ግን ከዛሬዎቹ ጋር አይወዳደርም።

4ኛ ደረጃ፦ ፎቶውን እንደ ሰነድ አንብቡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ገንዘብ የሚድነው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ፈትሹ። ለምሳሌ ኡድቫር-ሄዚ ውስጥ የቆመው ኤፍ-14 መለያ ቁጥሩ 159610 ነው። በጥር 1989 ከሊቢያ ባሕር ዳርቻ ወዲያ ሁለት የሊቢያ ሚግ-23ዎች በተመቱበት ግጥሚያ ከነበሩት ሁለት ኤፍ-14ዎች አንዱ ይኸው ነው። ያን ቀን ግን ኤፍ-14ኤ ነበር፣ የቪኤፍ-32 ስኳድሮን ንብረት። በኋላ ተሻሽሎ ኤፍ-14ዲ ሆነ፤ ዛሬ የሚታየውም በዚያ መልኩ ነው። እንግዲህ አንድ አውሮፕላን ሁለት ሞዴል ይወጣዋል ማለት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ከአፍንጫው ሥርና ከኋላው ተመልከቱ። ዲው ከአገጩ ሥር ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት የመመልከቻ ዕቃዎች አሉት፤ ሞተሩም ስለተቀየረ የጭስ ማውጫው ቅርጽ ሌላ ነው። «የ1989ኙ» ተብሎ የቀረበ ሞዴል አገጩ ሥር ሁለቱ ካሉበት ካርቶኑ የጻፈውና ውስጥ ያለው አልተስማሙም።

ሌላ ምሳሌ። የእስራኤል ኤፍ-16ኤ ቁጥር 107 በሰኔ 7 ቀን 1981 የኢራቁን ኦሲራክ የኑክሌር ማብላያ ከመቱት ስምንቱ አንዱ ነው። አፍንጫው ላይ ስድስት ተኩል የድል ምልክት (የመታቸው የጠላት አውሮፕላኖች ቁጥር፤ ግማሹ ከሌላ ጋር የተጋራው ነው) ያለበት ሞዴል ካያችሁ ከ1982ቱ የሊባኖስ ጦርነት በኋላ ያለውን መልኩን ነው የምታዩት። እሱም ደህና ሞዴል ነው፤ ብቻ «የኦሲራክ ዕለት» ተብሎ አይሸጥላችሁ። የዚያን ዕለት የተሸከሙት ሁለት ሁለት ባለ 2,000 ፓውንድ ማርክ-84 ቦምብ ነው። ሚሳይል ላይም እንዲሁ ፍረዱ፦ ኤይም-120 አገልግሎት ላይ የዋለው በ1991 ነው። በ1980ዎቹ አውሮፕላን ላይ ተሰቅሎ ካገኛችሁት ፋብሪካው የመለዋወጫ ከረጢቱን ሳያይ ሰቅሎታል።

ቀጥሎ አካሉን። ሻጩን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይና ከሥር የተነሣ ፎቶ ጠይቁ። ከፊት ሲታይ ሁለቱ ክንፎች እኩል መውረድ ወይም እኩል መቅናት አለባቸው። ኤፍ-14 ወይም ኤፍ-15 ከሆነ ጅራቶቹን ከኋላ አስተያዩ፤ አንዱ ወደ ውስጥ ካዘመመ የአገጣጠም ጉድለት ነው። የአፍንጫው ጫፍ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ አካሉ ደግሞ ብረት፤ ግራጫው ቀለም ሁለቱ ላይ የተለያየ ሆኖ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በብልጭታ የተነሣ ፎቶ ልዩነቱን ይደብቃል፤ በቀን ብርሃን የተነሣ አስልኩ።

የአካሉ መስመሮችም ይናገራሉ። 0.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ በ1/72 ሲባዛ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቦይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚበር ጄት የለም። በፎቶ ላይ መስመሮቹ ከሩቅ ጎልተው ከታዩ ሞዴሉ የድሮ ቅርጽ ማውጫ ውጤት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት። በመጨረሻ ጽሑፉን ቀርባችሁ እዩ። ዛሬ አርማና ጽሑፍ የሚታተመው ታምፖ በሚባል ለስላሳ ማኅተም ነው፤ በአጉሊ መነጽር የጥንቃቄ ጽሑፎቹ ሊነበቡ ይገባል። የተዛነፈ ቀይ ክብ ወይም ድርብ የሆነ ቁጥር ካያችሁ ይቅርባችሁ፤ ይህ በኋላ የሚስተካከል አይደለም።

5ኛ ደረጃ፦ ግዢው

አዲስ 1/72 ጄት ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 150 ዶላር ባለው ውስጥ ነው፤ ትላልቆቹ ከዚያም ያልፋሉ። አምራቾቹ የሚሠሩት በተወሰነ ቁጥር ስለሆነ ተፈላጊው በቅድመ ትዕዛዝ ያልቃል። ይሁን እንጂ «አለቀ» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ። ቅርጽ ማውጫው ውድ ስለሆነ ፋብሪካው አንዴ ካሠራው በኋላ በሌላ ቁጥርና በሌላ ቀለም ደጋግሞ ይጠቀምበታል። አዲሱ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይበርዳል። ይህን እንደ ቁጠባ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። ብትወዱት ግዙ፤ አትርፋችሁ ልትሸጡ ከሆነ ሌላ ንግድ ፈልጉ።

ከሁለተኛ እጅ ስትገዙ አራት ነገር ጠይቁ፦ ካርቶኑ አለ? ማቆሚያውና የሚሳይሎቹ ከረጢት ሙሉ ነው? የማረፊያ እግሮቹ ተሰብረው ያውቃሉ? ሲጋራ በሚጨስበት ቤት ነበር? የመጨረሻው የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ጭስ ያወየበው ነጭ ቀለም በምንም አይመለስም።

6ኛ ደረጃ፦ አገር ቤት ማስገባት

አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ዕቃው የሚደርሳችሁ በፖስታ ወይም በመንገደኛ ነው። መንገደኛ ካገኛችሁ ሞዴሉ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ከሥር የሚጫን ሻንጣ ይወረወራል፣ የብረቱ ክብደትም ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮቹን ይሰብራል። ካርቶኑ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ በወረቀት ሙሉት፤ ሲነቀነቅ ድምፅ መስጠት የለበትም።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ከመጫወቻዎች ጋር በ9503 ቁጥር ሥር ናቸው። የግዢውን ደረሰኝ አትሙና ካርቶኑ ላይ ለጥፉ፤ ሞተርም ካሜራም የሌለው፣ የማይበር የማሳያ ሞዴል መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት። ድሮን ጥያቄ የሚያስነሳ ዕቃ ስለሆነ «አውሮፕላን» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ፓኬት መንገደኛችሁን ሊያጉላላ ይችላል። ለሚያመጣው ሰውም ውስጡ ምን እንዳለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

7ኛ ደረጃ፦ መክፈትና መግጠም

ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ፤ የእጅ ቅባት ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ላይ የሚያብረቀርቅ አሻራ ይተዋል። ሞዴሉን ከማውጣታችሁ በፊት ማሸጊያውን እንዳለ ፎቶ አንሱት። እያንዳንዱ ሚሳይል የቱ ጉድጓድ ውስጥ እንደነበረ ስትመልሱት ያስፈልጋችኋል።

አውሮፕላኑን ከወገቡ፣ ክንፉ ከአካሉ በሚጋጠምበት ቦታ ያዙት። በአፍንጫው ጫፍ ያለውን መርፌ መሰል ቱቦ ወይም አግድም ጅራቱን ይዞ ማንሣት የለም። ከዚያ ወስኑ፤ ይቆማል ወይስ ይበራል? ብዙዎቹ ሞዴሎች ሁለቱንም አማራጭ ይዘው ይመጣሉ። የሚቆም ከሆነ የማረፊያ እግሮቹን ከጎማው ሳይሆን ከሥራቸው፣ አካሉ ውስጥ ከሚገባው ጫፍ አጠገብ ይዛችሁ በቀስታ ግፉ። የሚበር ከሆነ የጎማ ክፍሎቹ መዝጊያዎች ይገጠማሉ፤ አውሮፕላኑም ማቆሚያው ላይ ይወጣል።

እግሩ አልገባም ካለ አታስገድዱት። ጉድጓዱ ውስጥ ቀለም ተጠራቅሞ ነው። በስቴኪኒ ጫፍ እያሽከረከራችሁ ጥረጉትና እንደገና ሞክሩ። በተቃራኒው ከላላ ትንሽ ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃዋል፤ ሲፈለግ ይላቀቃል፣ ቀለምም አይበላም። ሱፐር ግሉ ከዚህ ጠረጴዛ ይራቅ። ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት የኮክፒቱን መስታወት በነጭ ጉም ይሸፍነዋል፤ የተጣበቀውም ሳይሰበር አይላቀቅም።

ሚሳይልና የነዳጅ ታንከር ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰቀላሉ፦ መጀመሪያ የሆዱ፣ ቀጥሎ የክንፉ ሥር፣ በመጨረሻ የክንፉ ጫፍ። እንዲህ ከሆነ እጃችሁ የሰቀላችሁትን አይነካም። በመንገድ የተጣመመ ሚሳይል ወይም ቱቦ ካለ እጅ በሚታገሰው ሙቅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰኮንድ ነክራችሁ አቅኑት፣ ቅርጹን እንደያዘ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ክተቱት። ይህ የሚሠራው ተነቅሎ ለሚወጣ የፕላስቲክ ክፍል ብቻ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ቦታውና ጽዳቱ

በመስታወት የተዘጋ ቡፌ ከሁሉም ይሻላል፤ የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ማብራሪያ አይፈልግም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ግን አይሁን፤ ብርሃኑ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ግልጹን ፕላስቲክ ያወይባል። አቧራ ሲይዝ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ከአፍንጫ ወደ ጅራት እየጎተታችሁ ጥረጉ። ጨርቅ ሚሳይል ይዞ ይነቅላል፤ የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ደግሞ ቀለሙን ሊያነሳ ይችላል።

እርጥበት የብረቱ ጠላት ነው። ቅይጡ በአብዛኛው ዚንክ ሆኖ 4 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም አለው፤ ሲሠራ እርሳስ ከተቀላቀለበት በዓመታት ውስጥ ከውስጥ መሰንጠቅ ይጀምራል። የድሮ የዚንክ መጫወቻዎች ሳይነኩ የሚፈርሱት በዚህ ነው። የዛሬ ፋብሪካዎች ንጹሕ ዚንክ ስለሚጠቀሙ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ቀለሙ ላይ ጥቃቅን እብጠት፣ ክንፉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ወይም ከዚህ በፊት ይገጥም የነበረ ክፍል አልገጥም ማለቱ ምልክቱ ነው። መድኃኒት የለውም። ከሌሎቹ የምትለዩት ለሚታይ ቦታ ብላችሁ እንጂ በሽታው ከሞዴል ወደ ሞዴል አይተላለፍም። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ በየመደርደሪያው ጥግ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን የሲሊካ ጄል ከረጢት አኑሩ፤ በየጊዜውም ቀይሩት።

ካርቶኑን አትጣሉ። ጠፍጥፋችሁ ደረቅ ቦታ ላይ አስቀምጡት፤ የውስጡ ማሸጊያ ግን ቅርጹን እንደያዘ ይቀመጥ። ቤት ስትቀይሩ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

9ኛ ደረጃ፦ መዝገብ

ተራ ደብተር ወይም ስልካችሁ ላይ ያለ ሠንጠረዥ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሞዴል የአምራቹን ኮድ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት ከነሞዴሉ (ኤፍ-14ኤ ወይም ዲ፣ ሚግ-21ቢስ ወይም ኤምኤፍ)፣ የጅራት ቁጥሩን፣ ስኳድሮኑንና የሚወክለውን ዓመት ጻፉ። ከዚያ የተገዛበትን ቀን፣ ዋጋውንና የማመላለሻውን ወጪ ለየብቻ፤ ጉምሩክ ከተከፈለ እሱንም። የእውነተኛውን አውሮፕላን ፎቶ ካገኛችሁ አያይዙት። በዓመት አንዴ ሁሉንም አውጥታችሁ ከሥራቸው ተመልከቱ፤ ስንጥቅ ካለ ቀኑን መዝግቡ። የጅራት ቁጥሩንና ዓመቱን ልትሞሉለት ያልቻላችሁት ሞዴል ካለ፣ መጀመሪያ የሚሸጠው እሱ ነው።